የ1987 ኮርቬት ለመሸጥ ተቸግሬያለሁ፤ የምታውቁ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃት የነበረችውን መኪና ልሸጥ ነው፤ እኔ ግን ስለ መኪና ብዙም አላውቅም። ቼቭሮሌት ኮርቬት፣ የ1987 ስሪት፣ ቀይ፣ 5.7 ሊትር ቪ8 ሞተር፣ ማኑዋል። የሄደችው 14,200 ማይል ብቻ ነው። የኖረችው ጋራዥ ውስጥ ጨርቅ ለብሳ ነው፤ አዲስ ስትገዛ መስታወቷ ላይ የነበረው የዋጋ ወረቀት ሳይቀር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አለ።

በጣም የጨነቀኝ ጎማው ነው። ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ነው፤ ጥርሱ አላለቀም፣ ጎኑ ላይ ግን ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች አሉ። አንድ ገዢ «እንዳትነኪው፣ ዋጋዋ ኦሪጅናልነቷ ነው» አለኝ። በዚህ ጎማ ሀይዌይ ወጥቶ ቢፈነዳበትስ? ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። አዲስ አስገጥሜ አሮጌውን አብሬ ብሰጠው ዋጋዋ ይወርዳል?

ኦቨርድራይቩም (በፍጥነት ሲነዳ የሞተሩን ዙር የሚቀንሰው ተጨማሪ ማርሽ) አንዳንዴ እምቢ ይላል። ከ1984 እስከ 1988 ብቻ የተገጠመው ባለ 4+3 ማርሽ (አራት የእጅ ማርሽ ሆኖ በላይኞቹ ሦስቱ ላይ ኦቨርድራይቭ የሚጨመርበት) ስለሆነ በደንብ የሚያውቀው መካኒክ አላገኘሁም። አሠርቼ ልሽጥ ወይስ ችግሩን ተናግሬ እንዳለች? መደበቅ አልፈልግም።

ሌላ ስቴት ያለ ሰው ደግሞ የባንክ ቼክ በፖስታ ልላክ ይላል። ሐሰተኛ ቼክ ገቢ የሆነ መስሎ ከቀናት በኋላ እንደሚመለስ ሰምቻለሁ። ባንኩ ድረስ አብረን ሄደን እዚያው ይክፈለኝ ብል ይበዛበታል? እስከ ቅዳሜ መልስ ስጪኝ ብሎኛል።