ከሮማ ወደ ለንደን የምሄድበት በረራ ተሰርዟል፤ ርቀቱና የጉዞው ጊዜ እንዴት ይሰላል?

መንገደኛዋ፦ ወንድሞችና እኅቶች፣ በአስቸኳይ እርዱኝ። ፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ነኝ፤ ወደ ለንደን የሚሄደው በረራዬ አሁን ተሰርዟል። የተሰጠኝ ምትክ በረራ ነገ ማታ ሲሆን የእኅቴ ሠርግ ግን ነገ እኩለ ቀን ላይ ነው። ካርታው መንገዱ ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን ስለሚያሳይ 400 ዩሮ ካሳ እንደሚገባኝ ብናገር አልተቀበሉኝም። ቲኬቴ ላይ መነሻው 15:00፣ መድረሻው 16:40 ነው፤ ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ በባቡር ብሄድ እደርስ ይሆን?

ባለካርታው፦ እኅቴ፣ ካሳው የሚሰላው መኪና በሚሄድበት መንገድ ሳይሆን ሁለቱን አየር ማረፊያዎች በሚያገናኘው አጭሩ የአየር መስመር ነው። ከፊዩሚቺኖ እስከ ለንደኑ ሂትሮው አየር ማረፊያ 1,440 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 መሠረት የሚመለከትዎ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ላለ በረራ የተወሰነው 250 ዩሮ ነው። የጉዞውን ጊዜ በተመለከተም፣ የለንደን ሰዓት ከሮማ በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቆጥር በረራው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ ነፋሱን ፊት ለፊት ስለሚጋፈጥ፣ የመልሱ ጉዞ በጥቂት ደቂቃዎች ያጥራል፤ ይህ ግን ዛሬ አይጠቅምዎትም።

የተርሚኒ ልጅ፦ ገንዘብሽን አስመልሺና ከሌላ አየር መንገድ አዲስ ቲኬት ግዢ።

ጨዋታ አዋቂ፦ በባቡር ከሄድሽ ሠርጉ አምልጦሽ ለመልሱ ትደርሻለሽ። ከሮማ እስከ ሚላኖ 3 ሰዓት ያህል፣ ከሚላኖ እስከ ፓሪስ 7 ሰዓት ያህል፣ ከዚያም በፓሪስ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ተሻግረሽ ለንደን ለመግባት ከ2 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ዛሬ ማታ ሚላኖ ብትደርሺ እንኳ እዚያው ማደርሽ አይቀርም። ድግሱን ግን ያስቀምጡልሻል።

የለንደን እናት፦ ልጄ፣ ካሳው በኋላም ይጠየቃል፤ አሁን በርቀት ቁጥር ምን ያከራክርሻል? ገንዘብሽን ለማስመለስም አትቸኩዪ፤ ከተቀበልሽ አየር መንገዱ አንቺን ለንደን የማድረስ ግዴታው ያበቃል። ይልቁንም ሕጉ በተቻለ ፍጥነት እንዲያደርሱሽ እንደሚያዝ ነግረሽ፣ በሌላ አየር መንገድም ቢሆን ዛሬ ማታ ወይም ነገ ማለዳ የሚነሣ በረራ እንዲፈልጉልሽ ጠይቂያቸው። ለንደን ስትዪ ሂትሮውን ብቻ አትመልከቺ፤ ጋትዊክም፣ ስታንስቴድም፣ ሉተንም አሉ። ከሮማም ቻምፒኖ የሚባል ሌላ አየር ማረፊያ አለ።

የተርሚኒ ልጅ፦ እኔ አሁንም አዲስ ቲኬት ትግዛ እላለሁ፤ ከሠራተኞቹ ጋር ሲከራከሩ ወንበሩ ያልቃል።

የለንደን እናት፦ ትግዛ፤ ነገር ግን አስቀድማ ጠይቃ እንቢ መባሏን በጽሑፍ ትያዝ፤ ደረሰኙንም አትጣል።

ሕግ ነክ፦ እስካሁን ማንም ያልጠየቀው፣ በረራው የተሰረዘበት ምክንያት ነው። ምክንያቱ መጥፎ የአየር ጠባይ ወይም የበረራ ተቆጣጣሪዎች አድማ ከሆነ 250 ዩሮውም ላይከፈልዎት ይችላል፤ የአየር መንገዱ የራሱ ሠራተኞች አድማ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ካሳውን አያስቀርም። ምግብ፣ ማደሪያና ወደ ማደሪያው የሚያደርስ መጓጓዣ በሁለቱም ሁኔታ ይገባዎታል። በደብሊን በኩል የሚያልፍ ትኬት ቢሰጡዎት ደግሞ፣ አየርላንድ በአንድ ቪዛ ከሚገባበት የአውሮፓ ሸንገን ክልል ውጭ ስለሆነች፣ ቪዛ ያስፈልግዎት እንደሆነ ሳይጠይቁ አይቀበሉ። ለመሆኑ የያዙት ፓስፖርት የየት ሀገር ነው?