ቤቷ ከተቃጠለ በኋላ የጭስ ፍርሃቷ ቀነሰ፣ ምድጃ መፈተሹ ግን ባሰ፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። ቤታቸው በእሳት የወደመባቸውን ሰዎች የምትረዱ ባለሙያዎች ሐሳብ ብትሰጡኝ።

የምከታተላት ሴት ቤቷ ከተቃጠለ ዓመት አልፏል። ምልክቶቹ ከ1 ወር በላይ ስለቆዩ የድኅረ አደጋ ጭንቀት ሕክምና ጀምረናል። ፍርሃቷን ከ0 እስከ 10 እየለካች ደረጃ በደረጃ ተጋፈጠችው፦ መጀመሪያ የክብሪት ፎቶ፣ ከዚያ ያልተጫረ ክብሪት፣ ቀጥሎ የተጫረ፣ በመጨረሻ ገና የጠፋ ሻማ ጭስ። ፍርሃቱ ቢያንስ በግማሽ ሳይወርድ ልምምዱን አናቋርጥም። ይህ ሠርቷል። ቅዠቱም የሕልሙን መጨረሻ ለውጣ ጽፋ፣ በቀን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በሐሳቧ ስትለማመደው ቀለል ብሏል።

ያቃተኝ ምድጃው ነው። ከመተኛቷ በፊት ትፈትሻለች፣ ተመልሳ ትነሳለች፣ ማብሪያውን እየዳሰሰች ጮክ ብላ «ጠፍቷል» ትላለች። አሁን ደግሞ በስልኳ ፎቶ ማንሳት ጨምራለች። መፈተሽ ለጊዜው ያረጋጋል፤ በተደጋገመ ቁጥር ግን ሰው በገዛ ትውስታው ላይ ያለውን እምነት ይሸረሽራል። ይህን አስረድቻታለሁ፣ ገብቷታልም። «አንዴ ብቻ ፈትሺ» ስላት ግን «ያን ቀንም አንዴ ፈትሼ ነበር» ትለኛለች። ለዚህ ምን መልስ አለ?

መጀመሪያ ፎቶውን ላስቀራት ወይስ የፍተሻውን ቁጥር ልቀንስ? የጭስ ማስጠንቀቂያው ተገጥሟል፣ በየወሩም ይሞከራል፤ እሱ ራሱ ሌላ መደገፊያ እንዳይሆንባት ፈርቻለሁ።

ሌላው፣ የኢንሹራንሱን የንብረት ዝርዝር ስትሞላ ቴሌቪዥንና አልጋ ላይ ምንም አትሆንም፤ የልጆቿ የሕፃንነት ፎቶ ጋ ስትደርስ ግን ወረቀቱን ታጥፈዋለች። ሐዘኑን አሁኑኑ ለብቻው ልያዘው ወይስ ፍተሻው እስኪቀንስ ልጠብቅ?