ፒቢፒኬ ሞዴሌ ኤዩሲውን በሰባት እጥፍ አሳነሰው፤ የቱ ጋ ልፈትሽ?

ፋርማሲ_ደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። በደም ሥር 100 ሚ.ግ. ለሚሰጥና በጉበት ብቻ ለሚወገድ መድኃኒት የፒቢፒኬ ሞዴል (መድኃኒት በየአካሉ እንዴት እንደሚዘዋወርና እንደሚወገድ የሚያሰላ) እየሠራሁ ነው። የማይክሮሶም (ኢንዛይም የያዘ የጉበት ሕዋስ ስባሪ) ክሊራንሱ፣ ማለትም መድኃኒቱን የማስወገድ ፍጥነቱ፣ በ1 ሚ.ግ. ፕሮቲን 10 ማይክሮሊትር በደቂቃ ነው። በግራም ጉበት 40 ሚ.ግ. ፕሮቲን፣ ጉበቱን 1,800 ግራም፣ የጉበት ደም ፍሰቱን 90 ሊትር በሰዓት አድርጌያለሁ። በፕላዝማ ከፕሮቲን ያልተጣበቀው ድርሻ 0.1 ነው። ሞዴሉ ኤዩሲ (በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን በጊዜ ሲደመር) 3.4 ይሰጠኛል፤ በሰው የተለካው 24 ነው (ሚ.ግ.·ሰዓት በሊትር)። የኢንዛይሙን ክሊራንስ በሰባት ላካፍለው? ደግሞስ ለደሴ ሰው ስሠራ ከፍታው ምን ይለውጣል?

ጦሳ_ሥር
አብሽር ወንድሜ፣ ኢንዛይሙን አትንካው። 10 × 40 × 1,800 ሲባዛ 720 ሚሊሊትር በደቂቃ ነው፤ በሰዓት 43.2 ሊትር። ይህን እንዳለ በጉበት ቀመሩ (ፍሰት × ክሊራንስ ÷ ድምራቸው) ብታስገባው 90 × 43.2 ÷ (90 + 43.2) = 29.2 ይወጣል፤ የሰጠኸው 100 ሚ.ግ. ÷ 29.2 ደግሞ ያው ያንተ 3.4 ነው። 0.1ን ሰንጠረዡ ላይ ጽፈኸዋል እንጂ ቀመሩ ውስጥ አልገባም። 43.2ን በ0.1 አባዛና 4.32ን ከላይም ከታችም ተካው፤ ክሊራንሱ 4.12፣ ኤዩሲው 24.3 ይሆናል። ከላይ ብቻ ከተካኸው 34 ይመጣብሃል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

በሰባት ማካፈሉማ 17 ገደማ ላይ ነው የሚያደርስህ። ቢገጥምም ኖሮ አይጠቅምህም ነበር። ነገ በምግብ እጥረት አልቡሚኑ (መድኃኒት የሚጣበቅበት የደም ፕሮቲን) የወረደ ሕፃን ላይ ስትሞክረው የሚለወጠው ያልተጣበቀው ድርሻ ነው። እንዲህ በጉበት በዝግታ ለሚወገድ መድኃኒት ድርሻው በእጥፍ ሲጨምር ጠቅላላ ኤዩሲው በግማሽ ገደማ ይወርዳል፣ ያልተጣበቀው ኤዩሲ ግን እምብዛም አይነካም። ይህን ያላየ ሞዴል ያለ ምክንያት መጠን ጨምሩ ይላል፤ ሕፃን ላይ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሐይቅ_ዳር
ስለ ከፍታው፦ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ብቻ ሄማቶክሪቱን (ከደሙ ቀይ ሕዋስ የሆነውን ድርሻ) አትስቀለው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የሰሜን ተራሮች ጥናት የአማራ ደገኞች ሄሞግሎቢን፣ ከአንዲስ ሰዎች በተለየ፣ ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች ብዙም እንደማይርቅ አሳይቷል። የተለካ ካለህ እሱን አስገባ። ቢጨምርም መድኃኒትህ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የማይገባ ከሆነ፣ ከ90ው ፍሰት የፕላዝማውን ብቻ ስትወስድ፣ ሄማቶክሪቱ ከ0.45 ወደ 0.50 ሲወጣ የፕላዝማ ክሊራንሱ ከ3.97 ወደ 3.94 ነው የሚወርደው። ይልቅ የሰዉን ክብደትና የጉበት መጠን አስተካክል።

መድኃኒቱ ስብ ወዳድ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ከሆነ ደግሞ የሙከራ ቱቦው ውስጥ ከማይክሮሶሙ ጋር መጣበቁን ፈትሽ። 10ን በዚያ ያልተጣበቀ ድርሻ ማካፈል አለብህ፤ ያኔ ክሊራንሱ ከፍ ይላል።

ቦርከና
አንድ ልጨምር። የአንጀትና የጣፊያ ደም በፖርታል ቬን ወደ ጉበት ነው የሚገባው። በቀጥታም ወደ ደም መልስ ካገናኘኸው ፍሰቱ ሁለቴ ይቆጠራል። ለመፈተሽ ክሊራንሱን ዜሮ አድርግና በየሰዓቱ በሁሉም አካላትና በደም ያለውን ሚሊግራም ደምር። 100 ካልሆነ የፍሰት መስመሮቹን አንድ በአንድ እይ፤ ከሳንባ በቀር የሁሉም አካላት ፍሰት ድምር፣ የጉበትን ከነፖርታሉ አንዴ ብቻ ቆጥረህ፣ ልብ ከሚረጨው ጋር እኩል መሆን አለበት።