በግብጻውያን ቤተ ክርስቲያን የዐቢይ ጾም ዜማና ስግደት ግራ አጋብቶናል፣ የምታውቁ እርዱን

የልጅ እናት (ጀርመን)
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ለዐቢይ ጾም አደረሳችሁ። የምንኖርበት ከተማ የእኛ ቤተ ክርስቲያን የለም። ቅርብ የሚባለው በባቡር ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ የምናስቀድሰው ግብጾቹ ጋ ነው። የ12 ዓመት ልጄ ከነሱ ዲያቆናት ጋር ዜማ ይማራል። ባለፈው ዓመት ቤት ቀይረን ሌላ የግብጾች ቤተ ክርስቲያን ገባን፣ ችግሩም ከዚያ ጀመረ። ድሮ በነበርንበት በጾሙ ረቡዕም ከዜማው ጋር የሚያጋጯቸውን የናስ ሳህኖች ይመቱ ነበር፣ እዚህ ዝም ነው። እዚያ «ኤፍኖቲ ናይ ናን» ብሎ የተማረውን እዚህ ያለው መምህር «እብኑዲ ናይ ናን» ብሎ ያርመዋል። እኔም እሑድ ዕለት በልማዴ ልሰግድ ስል አንዲት እናት ክንዴን ይዘው አስነሱኝ። ልጄ «ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው?» ይለኛል፣ መልስ የለኝም።

ካይሮ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩ
እህቴ፣ አይዞሽ፣ እኔም መጀመሪያ እንዳንቺው ነበርኩ። ዋናውን ልንገርሽ። ግብጾቹ በዐቢይ ጾም ሁለት ሥርዓት አላቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንድ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ሌላ። ይህን ከያዝሽ ግማሹ ይፈታል።

በሳምንቱ ቀናት ጠዋት ዕጣን ሲያርጉ የነቢያት ንባብ ይነበባል። ከዚያ ዲያቆኑ «ክሊኖመን ታ ጎናታ» ይላል፣ ተንበርከኩ ማለት ነው፣ ሕዝቡም ይሰግዳል። ቅዳሜና እሑድ ይሄ የለም። ሴትዮዋ ያስነሱሽ ለዚህ ነው፣ በክፋት አይደለም። የሰዓታት መጽሐፋቸው አግቤያም እንደዚያው ነው። በሳምንቱ ቀናት ከቅዳሴ በፊት ከሦስት ሰዓቱ ጸሎት ጀምረው እስከ መኝታው ጸሎት ድረስ ያደርሱታል፣ ቅዳሜና እሑድ ግን የሦስትና የስድስት ሰዓቱ ይበቃል። ረቡዕ ብትሄጂና መዝሙረ ዳዊቱ አላልቅ ቢልሽ አትደነቂ።

ዜማውም ይለያል። ለልጅሽ ይህን ንገሪው፦ በሳምንቱ ቀናት «ኔፍሴንቲ» ይዜማል። ቃሉ እኛ «መሠረታቲሃ ውስተ አድባር ቅዱሳን» የምንለው መዝሙር 86 ነው። እኔ ይህን ሳውቅ አልቅሻለሁ፣ እውነቴን ነው። በማላውቀው ቋንቋ የቆምኩበት ቅዳሴ ያኔ ቤቴ ሆነልኝ።

የዜማ ወዳጅ (ሜሪላንድ)
ስለ «ኤፍኖቲ» እና «እብኑዲ» እኔ ልመልስ። ሁለቱም አንድ ቃል ነው፣ «እግዚአብሔር ሆይ ማረን» ነው የሚሉት። ልዩነቱ የንባብ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በአቡነ ቄርሎስ 4ኛ ዘመን አካባቢ፣ የቅብጥ ቋንቋቸውን ንባብ ከዘመኑ ግሪክኛ ጋር የማስጠጋት ሥራ ተሠራ። አሁን በአብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት የምትሰሙት እሱን ነው። የድሮውን ንባብ የሚመርጡም አሉ፣ አዲሱ መምህር ከነሱ መሆን አለበት። ልጁ አልተሳሳተም። የተማረውን አይርሳ፣ ግን የቆመበትን ማኅበር ድምፅ ይከተል። ብቻውን በሌላ ንባብ ካወጣ ዜማው ይሰበራል።

ሌላው ደግሞ ዜማቸው ለብዙ ዘመን በቃል ነው የወረደው፣ አብዛኞቹ መምህራኖቻቸውም ዓይነ ስውራን ነበሩ። ራጊብ ሙፍታህ የሚባሉ ሰው (እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 2001 የኖሩ) ከመምህር ሚካኤል ጊርጊስ ኤል በታኑኒ አፍ እየተቀበሉ፣ አንድ እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ በኖታ እንዲጽፈው አደረጉ። በኋላም ድምፁን ቀረጹ። ዛሬ ብዙ ቦታ የሚዜመው የመምህር ሚካኤል አወራረድ ነው። ሆኖም እዚህና እዚያ የሚረዝም፣ የሚያጥር ዜማ ታገኛላችሁ። የእኛስ የቤተልሔምና የቆማ የድጓ ዜማ አይለያዩም?

የጾመ ድጓ ተማሪ
በናስ ሳህኖቹ ላይ ልጨምር። በእኛ በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋል፣ በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል። እነሱም በጾሙ የሥራ ቀናት ሳህኖቹን አያነሡም፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ይመታሉ። ስለዚህ እዚህ ላይ አሁን ያላችሁበት ቦታ ወደ ሥርዓቱ ይቀርባል። የድሮዎቹን ግን አትውቀሱ፣ ሕፃናቱን ለማለማመድ ይሁን ለሌላ፣ ምክንያታቸውን እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ሰንበታቱም አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ጾሙ 55 ቀን፣ የመጀመሪያው ሳምንትም የሕርቃል መሆኑ አንድ ያደርገናል። የየእሑዱ ወንጌል ግን ይለያያል። እኛ መጻጉዕ (ሽባው የተፈወሰበት) ስንል እነሱ የጠፋውን ልጅ ያነባሉ። ደብረ ዘይት ላይ ሳምራዊቷ ናት። የእነሱ መጻጉዕ የሚመጣው ሁለት ሳምንት ቆይቶ በገብር ኄር ነው። በኒቆዲሞስ ቀን ደግሞ ዕውር ሆኖ የተወለደው። ልጁ ቤት ውስጥ የእኛን፣ እዚያ የእነሱን ቢሰማ በአንድ ጾም ሁለት ትምህርት ያገኛል። እኔ ብሆን ማታ ማታ ሁለቱንም ወንጌል አነብለት ነበር።

የልጅ እናት (ጀርመን)
እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ልጄ አጠገቤ ሆኖ ነው ያነበበው። አንድ ነገር ብቻ፦ የሥራ ቀን ቅዳሴ እዚህ ሌሊት 11 ሰዓት ተጀምሮ ጠዋት ያልቃል። ጾም ላይ ከሰዓት መሆን አልነበረበትም?

ካይሮ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩ
ነበረበት። ገዳማቱ ጋ ወደ ማታ ነው የሚያልቀው፣ ካይሮም ብዙ ደብር ከሰዓት በኋላ ይቀድሳል። የጠዋቱ ለሠራተኛና ለተማሪ ሲባል ነው። ከቆረብሽ በኋላ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቆዪ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ እኛ እዚህ ሰዓት አንቆርጥልሽም።

ደግሞ የጾሙ የመጨረሻ ዓርብ እንዳያመልጣችሁ፣ ከሆሣዕና በፊት ያለችው። የቀንዲል ጸሎት አላቸው። ዘይት ላይ ሰባት ፈትል እያበሩ ሰባት ጸሎት ያደርሳሉ፣ ከዚያ ሕዝቡን በዘይቱ ይቀባሉ። ሳትበሉ ሂዱ። ሆሣዕና ዕለት ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ቶሎ አትውጡ፣ እንደ እኛው የፍትሐት ጸሎት አለ፣ በሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ።

የልጅ እናት (ጀርመን)
ዓርቧን ከአሁኑ ከሥራ አስፈቅዳለሁ። ልጄ «ኔፍሴንቲን በግእዝም አስተምሩኝ» እያለ ነው፣ የጾመ ድጓ ተማሪው፣ በድምፅ ቀድተህ ብትልክልን?

የጾመ ድጓ ተማሪ
ዛሬ ማታ እልካለሁ፣ ቀስ ብዬ እለዋለሁ።