የጣት ኦክሲጅን መለኪያው 98 እያለ አጫሹን እንዴት እናሳምን?

ሲጋራ ማቆም ለሚፈልጉ ሰዎች ምክር ስንሰጥ አንድ ቦታ ላይ ተቸግረናል፤ መላ ያለው እባካችሁ ይርዳን። በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው ጣቱን መለኪያው ውስጥ ያስገባል፣ 98 በመቶ ይወጣል፣ «ይኸው፣ ሳንባዬ ሰላም ነው» ይላል።

ቁጥሩ እንደሚያታልል እናውቃለን። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ሄሞግሎቢንን (በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን) የሚይዘው ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው። መሣሪያው ደግሞ በሁለት ዓይነት ብርሃን ብቻ (የሞገድ ርዝመታቸው 660 እና 940 ናኖሜትር ገደማ) ስለሚሠራ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን የያዘ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ከመቶ ስምንት እጁ ተይዞ ኦክሲጅን መሸከም ቢያቅተው እንኳ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ይህን ስናስረዳ ያዛጋሉ፤ አይፈረድባቸውም።

የትንፋሽ ካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ የለንም። ስፓይሮሜትር (የሚተነፈሰውን አየር መጠንና ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ) አለ፤ ግን ጉዳቱ ገና ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ አያሳይም፣ «ደህና» የሚል ውጤት ሲወጣ ጭራሽ ይብሳል።

ያሰብነው ሰውየው ራሱ ቤቱ የልብ ምቱንና የደም ግፊቱን እንዲለካ ነው፦ ጠዋት ከመጀመሪያው ሲጋራ በፊት 5 ደቂቃ ተቀምጦ፣ ከዚያ አጭሶ እንደጨረሰ። ኒኮቲን ሁለቱንም ከፍ ስለሚያደርግ ልዩነቱን በዓይኑ ያያል። ቡናው ግን ያበላሽብናል፤ ካፌይንም ግፊት ይጨምራል። ቡናውን ምን ያህል ሰዓት እናዘግየው? ደግሞስ በተራ መሣሪያ ከዚህ የተሻለ የሚታይ ነገር አለ?