ትልልቅ ፈንዶች አክሲዮን ሲገዙ ኮሚሽኑ ትንሽ ነው፣ ታዲያ ወጪው ከየት ነው የሚመጣው?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ ደብረ ማርቆስ ፋይናንስ እየተማርኩ ነው፣ ሴሚናር የደረሰኝ የአሜሪካ ትልልቅ ፈንዶች (የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስበው አክሲዮን የሚገዙ ድርጅቶች) የግብይት ወጪ ላይ ነው። ብሮከሩ (አገናኙ) በአንድ አክሲዮን የሚወስደው ሳንቲም ነው፣ ታዲያ ወረቀት ላይ የሚያተርፍ ስትራቴጂ በእውነተኛ ገንዘብ ሲሰራበት ለምንድነው ትርፉ የሚቀንሰው?

ቡሬ ገበያ፦
ወንድሜ ዋናው ወጪ ደረሰኝ ላይ አይታይም። እዚህ ቡሬ በቆሎ ላይ የምናየው ነገር ነው፣ አምስት ኩንታል የሚገዛ ሰው ዋጋ አያነቃንቅም፣ ሁለት አይሱዙ ሊጭን የመጣ ነጋዴ ግን ወሬው ከተሰማ ግማሹን ሳይሞላ ዋጋው ይወጣበታል።

ፔሮልድ የሚባል የሃርቫርድ ሰው በ1988 እ.ኤ.አ. አንድ መለኪያ አወጣ፣ ልግዛ ብለህ ስትወስን ከነበረው ዋጋ ተነስተህ ነው የምትቆጥረው። እንበል 100 ሺህ አክሲዮን በ100 ዶላር ልትገዛ ወሰንክ፣ 80 ሺውን በአማካይ በ100.60 አገኘህ፣ ቀሪውን ሳትገዛ ዋጋው 102 ገባ። ዋጋው ስለሸሸ 48 ሺህ፣ ኮሚሽን በ2 ሳንቲም 1,600፣ ሳትገዛ የቀረኸው 40 ሺህ፣ ድምሩ 89,600። ኮሚሽኑን እየው እስቲ፣ ከዚህ ውስጥ ምን አላት?

እህተ ዳንግላ፦
ስትራቴጂውንም ጨምርበት እንጂ። ካይምና ማድሃቫን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. የ21 ተቋማትን ግብይት አይተው ወጪው እንደ አገዛዝ ስልታቸው እንደሚለያይ አሳይተዋል። ረክሷል ብሎ የሚገዛ ሰው አይቸኩልም፣ ሻጭ እስኪመጣለት ይጠብቃል፣ እየወጣ ያለ ዋጋ የሚያባርር ግን አሁኑኑ ካልገዛሁ ስለሚል ለፍጥነቱ ይከፍላል፣ ትናንሽ ካምፓኒዎች ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሁለት ማናጀሮችን በወጪ ብቻ ማወዳደር እኔ በበኩሌ ልክ አይመስለኝም።

ጋሽ ባህርዳር፦
ልጆቼ ጎበዞች ናችሁ። በቀኑ አማካይ ዋጋ የሚለኩ አሉና ተጠንቀቁ፣ የቀኑን ግብይት ግማሽ ራሱ የገዛ ፈንድ አማካዩን ራሱ ነው የሰራው፣ ስለዚህ ሁሌ ጎበዝ መስሎ ይታያል። የኛም የአክሲዮን ገበያ በጥር 2017 አዲስ አበባ ስለተከፈተ ነገ ጡረታና ኢንሹራንስ በብዛት ልግዛ ሲል ይሄ ጥያቄ እኛው ጋ ይመጣል፣ ሴሚናርህ ላይ አንድ ገጽ ስጠው።

የማርቆስ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ቡሬ፣ ያልተገዛውን በየትኛው ቀን ዋጋ ልቁጠረው?

ቡሬ ገበያ፦
ትዕዛዙ በተሰረዘበት ቀን መዝጊያ ዋጋ ቁጠረው፣ ግን ለሁሉም ትዕዛዝ ያው አንድ ደንብ ይሁን፣ አለዚያ ማወዳደር አትችልም።