ቪአር ላይ ማቅለሽለሽና የዓይን ሕመም፦ ከምን ልጀምር?

ሰማያዊ፦
ያለኝ ክዌስት 2 የሚባለው የቪአር ሄድሴት (ዓይን ላይ የሚጠለቀው ስክሪን) ነው። ባሉበት ቆመው የሚጫወቷቸው ጌሞች አያቅለሸልሹኝም። በስቲክ (በእጅ መያዣው ላይ ባለችው ዘንግ) የሚኬድበት ጌም ውስጥ ስገባ ግን ፊቴ ይግላል፣ ምራቄ ይበዛል፣ ከዚያ ያቅለሸልሸኛል። ግንባሬንና ከዓይኔ ኋላ ደግሞ የትኛውንም ጌም ብከፍት ያመኛል። ከፒሲ ጋር በዋይፋይ ሳገናኘው ይብስበታል። «ቻለው፣ ይለመዳል» የሚሉኝ አሉ። ምኑን ልቀይር?

ሌንስ፦
የያዘህ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፤ አትቀላቅለው። ቆመህም የሚመጣው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከሌንስና ከማሰሪያ ነው፣ በስቲክ ስትሄድ ብቻ የሚመጣው ከእንቅስቃሴው። ቀላሉን አስቀድም።

በሁለቱ ብሌኖችህ መሀል ያለውን ርቀት ለካ። ከመስታወት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀህ ቁምና ማስመሪያ ቅንድብህ ላይ አስደግፍ። ቀኝ ዓይንህን ጨፍነህ ዜሮውን ከግራው ብሌን መሀል ጋር አስተካክል። ራስህን ሳታነቃንቅ ግራውን ጨፍነህ ቀኙን ክፈት፤ ከቀኙ ብሌን መሀል ትይዩ ያለው ሚሊ ሜትር ነው መልስህ። ክዌስት 2 ሦስት ማቆሚያ ነው ያለው፦ 58፣ 63 እና 68። ሌንሶቹን በእጅህ ይዘህ ለቁጥርህ ወደሚቀርበው ግፋቸው።

ማሰሪያውን ደግሞ እይ። የኋላው ከማጅራትህ በላይ ካለው አጥንት ሥር ይግባ፣ ክብደቱን የላይኛው ይሸከም። ጎኑን አጥብቆ ፊት ላይ መለጠፍ ግንባር ያሳምማል። ከዚያ ትንሽ ጽሑፍ ከፍተህ ሄድሴቱን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ አድርግ፣ ፊደሉ ጥርት ሲል ተወው። ሌንሱን በደረቅ ማይክሮፋይበር ብቻ ጥረግ፤ አልኮል ሽፋኑን ያበላሸዋል። ሜኑና ስክሪንም አፍንጫህ ሥር አታምጣ፤ የሌንሱ ፎከስ ከአንድ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ የተቆለፈ ስለሆነ ቅርብ ነገር ስታይ ዓይንህ ይታገላል።

ጎማ፦
ወደ ማቅለሽለሹ ስንመጣ፣ ዓይንህ «እየሄድኩ ነው» ይላል፣ ውስጠኛው ጆሮህ «ቆሜያለሁ» ይላል። ጆሮ የሚሰማው የፍጥነትን ለውጥ ስለሆነ በአንድ ፍጥነት ቀጥ ብሎ መሄድ ያን ያህል አይከብድም። የሚገለው መነሳት፣ መቆም፣ ወደ ጎን መንሸራተት፣ ደረጃ መውረድ ነው። ከሁሉም የባሰው በስቲክ ለስለስ ብሎ መዞር ነው።

ስለዚህ መዞሪያውን ስናፕ ተርን (በአንዴ ዘለል ብሎ የሚዞረውን) አድርገው፣ 30 ወይም 45 ዲግሪ፤ ከተቻለ ደግሞ ራስህ በገላህ ዙር። ቴሌፖርት (ቦታውን ጠቁመህ በአንዴ እዚያ የምትገኝበት) ካለ በእሱ ጀምር። የእይታውን ጠርዝ የሚያጨልመውን ቪኜት እስከ መጨረሻው ከፍ አድርግና ሲለመድህ ቀስ በቀስ ቀንሰው። ስትራመድ ካሜራውን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ሴቲንግ ካለ አጥፋው፤ ለምን እንደሚያስገቡት እስካሁን አይገባኝም።

ፍሬም፦
ሁለታችሁም የዋይፋዩን ነገር ዘለላችሁት። በ90 ኸርዝ (በሰከንድ 90 ምስል) ፒሲው አንዱን ፍሬም፣ ማለትም አንዱን ምስል፣ ለመጨረስ ያለው 11.1 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ በ72 ግን 13.9። ካልደረሰበት ብዙ ጊዜ ወደ 45 ይወርድና የጎደለውን ፍሬም በግምት ይሞላል፤ ያኔ በቅርብ የሚያልፉ ነገሮች ጠርዛቸው ይንቀጠቀጣል። እየወደቀ ከሚነሳ 90 የማይናወጥ 72 ይሻላል። መጀመሪያ ሬዞሉሽኑን (የምስሉን ጥራት) ቀንስ፣ ቀጥሎ የጌሙን ጥላ።

ፒሲውን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኘው፣ ሄድሴቱ ብቻ በ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ይግባ፣ ራውተሩም እዚያው ክፍል ይሁን። ራስህን በፍጥነት ስታዞር በምስሉ ዳር ጥቁር ከታየህ ምስሉ እየዘገየ ነው፤ ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚላከውን የምስል ዳታ መጠን) አውርድ።

ጎማ፦
«ቻለው» ያሉህን አትስማ። የሚለመደው ሳይነሳብህ ስታቆም ነው። እየተቅለሸለሸህ ከቀጠልክ ሰውነትህ ሄድሴቱን ራሱን ይጠላል፣ ገና ሳታጠልቀው ይጀምርሃል። የፊት መጋልና የምራቅ መብዛት ማስጠንቀቂያ ናቸው፣ ማዛጋትም እንደዚሁ፤ ያኔውኑ አውልቅና ራቅ ያለ የማይንቀሳቀስ ነገር ተመልከት። በማግስቱ ከትናንቱ ትንሽ ጨምር። የጉዞ ማቅለሽለሽ ክኒን እንቅልፍ ያመጣል፣ ለጌም ብለህ አትዋጠው። ማዞሩ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅህም መኪና አትንዳ።

ሌንስ፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ ማቅለሽለሹ 360 ቪዲዮ (ዙሪያውን ሁሉ የተቀረጸ) ላይ ከመጣብህ ሴቲንግ አትፈልግ። ቪዲዮው የራስህን መዞር እንጂ መጠጋትህን አይከተልም፤ ጎንበስ ስትል ዓለሙ አብሮህ ይመጣል። ጀርባህን ወንበር ላይ አስደግፈህ አንገትህን ብቻ አዙር፤ ካሜራው ራሱ እየተንቀሳቀሰ የተቀረጸውን ደግሞ ጨርሶ ተወው።